አንዴ ጠርቶ የሚዘጋ ስልክ

ሌባ ስልክ ይሰርቃል፤ ይህ ያለና የነበረ ነው። ስልኩን ለባለቤቱ ትቶለት በሆዱ ያለችውን ጥፍር የምታክል ሲም ካርድ ብቻ ይዞ የሚሄድ ሌባ ግን ኢንስፔክተር ይልቃል በሃያ ዓመት የፖሊስነት ዘመኑ አጋጥሞት አያውቅም።

ስልኩ የተገኘው በጥር 2009 ዓ.ም. ከመንጌ ወጣ ብሎ፣ ወርቅ ቆፋሪዎች ጥለውት በሄዱት አሮጌ ጉድጓድ ውስጥ፣ ከሰው አጽም ጋር ነው። ሽማግሌው ቆፋሪ ዐብዱልቃድር ጉድጓዱን እንደገና ሊሞክሩት አፈሩን ሲያወጡ አንድ የላስቲክ ጫማ ወጣ። ጫማው ባዶ አልነበረም።

ኢንስፔክተሩ አፋፉ ላይ ቁጢጥ ብሎ የራስ ቅሉን አገላብጦ አየ። ከኋላ በኩል የዲጂኖ ጫፍ የምታሾልክ ቀዳዳ አለችበት።

«አፈር ተንዶበት ይሆን?» አለ። እንዲያ ቢሆን በወደደ፤ የተናደ አፈር አይታሰርም፣ አይከሰስም።

ዐብዱልቃድር ራሳቸውን ነቀነቁ። አማርኛቸው አጭር ነው፣ ግን አይስትም። «የለም። ዝናብ አፈር ሲጥል እንዲህ አይጥልም። ታች ደለል ይሆናል፣ ላይ ድንጋይ ይሆናል። ይሄ ሁሉ ድብልቅ ነው። ይሄ ሰው በአካፋ ጣለው።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እኔ አርባ ዓመት ጉድጓድ ውስጥ ነው። ወላሂ፣ በአካፋ ነው።»

ረዳቱ ሳጅን ሎዛ ከአጽሙ ኪስ የወጣውን ዕቃ ጨርቅ ላይ ዘርግታ ነበር። ባትሪ የሚያበራ ርካሽ ስልክ፣ ሲም የሌለው። በፌስታል የተጠቀለለ መታወቂያ።

«መምህር ነው ጌታዬ» አለች። «ገመቺስ ሁንዴ። ባምባሲ።»

ይልቃል መታወቂያውን ከእጇ ተቀበለና ሳያነብ ያዘው። ማንበብ አላስፈለገውም። ይህን ስም በገዛ እጁ ጽፎታል፤ ከሦስት ዓመት በፊት፣ በ«ጠፋ» መዝገብ ላይ። በዚያው ወር መጨረሻ ደግሞ በዚያው መዝገብ ግርጌ እንዲህ ብሎ ፈርሟል፦ «ጠፋ የተባለው ግለሰብ በሕይወት መኖሩ በስልክ ጥሪ ስለተረጋገጠ መዝገቡ ተዘግቷል።»

*

ወይዘሮ በቀለች ስልካቸውን የሚያኖሩት በቤት አይደለም። ግቢያቸው ውስጥ ኔትወርክ የሚገባው ማንጎው ሥር ብቻ ስለሆነ፣ ስልኩ በፌስታል ሆኖ ዝቅ ካለችው ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል። አጠገቡ አንድ በርጩማ አለ። የወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ሲሆን እዚያ በርጩማ ላይ ናቸው።

«አወቅሁህ» አሉ ይልቃልን ሲያዩ። «ያን ጊዜ የመጣኸው ፖሊስ ነህ። ግባ ልጄ፣ ግባ።»

ሊነግራቸው ነበር የመጣው። ከአሶሳ እስከ ባምባሲ መኪና ውስጥ ቃሉን ሲያስተካክል ነው የቆየው። እሳቸው ግን በርጩማዋን በነጠላቸው ጠርገው ሲሰጡት ያዘጋጀውን ትቶ ተቀመጠ።

«ገመቺስ አሁንም ይደውላል እማማ?»

«ይደውላል እንጂ! የዛሬ ሳምንት፣ ቅዳሜ፣ አራት ሰዓት ላይ። አንዴ ጠርቶ ዘጋ።»

«አላነሱትም?»

ሳቁበት። «ምን ብዬ አነሳለሁ? ይሄ እኮ የቤታችን ሥርዓት ነው። ጊልገል በለስ ኮሌጅ ሳለ ጀምሮ፣ ካርድ ከየት ይመጣል? አንዴ ከጠራ ‹ደህና ነኝ፣ አታስቢ› ነው። ሁለቴ ከጠራ ‹ደውይልኝ› ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን ሁለቴ ጠርቶ አያውቅም። ልጄ ሰው ማስቸገር አይወድም።»

«እርስዎስ ሞክረው አያውቁም?»

«መጀመሪያ መጀመሪያማ ሞክሬ ነበር። ‹ማግኘት አይችሉም› ትላለች ያቺ ሴትዮ። ሲሄድም ነግሮኛል፤ ‹የምሠራበት ኔትወርክ የለም፣ ኔትወርክ ያለበት ስደርስ አንዴ እደውላለሁ› ብሎኛል። እኔ ፊደል ባልቆጥርም ቁጥሩን በቃሌ ይዣለሁ።» ዐሥሩንም ቁጥር አንድ በአንድ፣ እንደ ጸሎት፣ ደገሙት። «ያን ጊዜ እናንተም ስትፈልጉት፣ ኅዳር ሰባት ሲደውል ጊዜ አይደል የተውነው?»

«ልክ ነው» አለ ይልቃል።

«ጓደኛው ሀብቱ እንኳ፣ አብሮት የሚቆፍረው፣ ጥቂት ወር ቆይቶ ስኳር ይዞልኝ መጥቶ ነበር። ያን ቀን እዚሁ ቁጭ ብሎ ሳለ ስልኩ ጠራ። ‹ገመቺስ ነው› ስለው ያን የመሰለ ወጣት ላብ አጠመቀው። ወባው ተነሥቶበት ኖሯል ምስኪን። ስኳሩን ትቶ፣ ምሳ ሳይቀምስ ሄደ።»

ይልቃል ተነሣ። ገዳዩን ይዤ ልምጣና ያኔ እነግራቸዋለሁ ብሎ ራሱን አሳመነ። ፈሪ ሰው ምክንያት አያጣም። ወይዘሮ በቀለች ማንጎ በፌስታል ሞልተው አሸክመው ሰደዱት።

*

የሟቹ ሲም በሕይወት ካለ፣ የያዘው ሰው ገዳዩ ነው። ይህን ለማሰብ ኢንስፔክተር መሆን አያስፈልግም። ይልቃል ለቴሌ ደብዳቤ ጻፈ። መልሱ ግን በቁራጭ በቁራጭ ነው የመጣው፤ መጀመሪያ የደረሰው የቅርቡ ሦስት ወር ነበር።

ሲሙ የሚሠራው በወር አንድ ጊዜ፣ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ አሶሳ ከተማ ውስጥ፣ ለዐሥር ደቂቃ ብቻ ነው። ካርድ ይሞላበታል፣ አንድ ቁጥር ላይ አንዴ ይደወላል፣ ይጠፋል። ሎዛን ያስገረማት ሌላ ነው።

«በየወሩ የሚገባበት ስልክ ይለያያል» አለች። «ሦስት ወር፣ ሦስት ስልክ።»

«የሌባ ቡድን ነዋ!» አለ ይልቃል። «እንዳንይዛቸው ይቀያይራሉ። ባለቤቶቹስ?»

«የሁለቱ ባለቤት ገና ነው። የታኅሣሡ ሙርሳል ይባላል፤ ወርቅ ገዢ ነው።»

ይልቃል የድሮውን መዝገብ ገለጠ። ሙርሳል እዚያም አለ፤ ገመቺስ ከመጥፋቱ በፊት በሚዛን ተጣልተው መንጌ ገበያ ላይ አንገት ለአንገት ተያይዘው ነበር። ኢንስፔክተሩ ደስ አለው። ከዚያ ወዲያ ደስ ያለው ቀን የለም።

ሙርሳልን በዚያው ቀን አመጡት።

«በስልክህ የሞተ ሰው ደውሏል» አለው ይልቃል።

«ታኅሣሥ ላይ ስልኬ ተበላሽቶ፣ ለሥራ ሰጥቼው ነበር።»

«እዚህ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሁሉ ስልኩ ተበላሽቶ ነበር።»

«ወላሂ ተበላሽቶ ነበር! ሐቅ ተናገርኩ፣ ምን ላድርግ?»

ለማን ሰጠኸው ብሎ እንኳ አልጠየቀውም። የሚፈልገውን ያገኘ ሰው መጠየቅ ይተዋል። ሙርሳል ሁለት ቀን ታሰረ።

በሦስተኛው ቀን ሎዛ ሙሉውን ዝርዝር ይዛ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ወትሮ ሳታንኳኳ ነበር የምትገባው።

«ሠላሳ ዘጠኝ ጥሪ ነው ጌታዬ። ሠላሳ ዘጠኝ ስልክ።»

«ባለቤቶቹን አንብቢያቸው። ሁሉንም እንለቅማለን።»

«አንዷ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት ናት። አንዱ ቄስ ናቸው። አንዱ ባጃጅ ነጂ…» ወረቀቱን አገላበጠች። «የመጋቢት 2008…»

«የመጋቢቱ ምን?»

«የእርስዎ ነው።»

ይልቃል ወረቀቱን ተቀብሎ የገዛ ስልክ ቁጥሩን አየ። ከጎኑ ቀኑ አለ፣ ሰዓቱ አለ። በመጋቢት መጀመሪያ ቅዳሜ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ከእሱ ስልክ፣ የሞተ ሰው ለእናቱ ‹ደህና ነኝ› ብሏል።

«መጋቢት ላይ…» አለ ቀስ ብሎ። «መጋቢት ላይ ስልኬ ውኃ ባልዲ ውስጥ ወድቆብኝ ነበር።»

«ለማን ሰጡት?»

ያቺን ጥያቄ እሷ ናት የጠየቀችው።

*

የሻዕባን ሱቅ ገበያው ጥግ ያለች፣ ሁለት ሰው የማታስቆም የቆርቆሮ ኪዮስክ ናት። ሻዕባን ስልክ ፈታትቶ ይገጥማል፤ ከተማው ያበላሸውን ሁሉ እሱ ጋ ያመጣል። ይልቃል ሲገባ አንገቱን አቀርቅሮ በብየዳ ላይ ነበር።

«ኢንስፔክተር! ስልክ እንደገና ውኃ ገባ?»

«የገመቺስ ሲም የት ነው?»

ሎዛ እጇን ወደ ካቴናው ወስዳ ነበር። ሻዕባን ግን አልደነገጠም፣ አልሸሸም። ፊቱ በራ። ከመሳቢያው አንድ የክብሪት ቀፎ አወጣ፤ ውስጡ በሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት የተጠቀለለች ሲም አለች።

«መጣ እንዴ?» አለ። «አልሐምዱሊላህ! እሱ ላከህ?»

ሎዛ ናት የጠየቀችው።

«እንዴት አንተ ጋ መጣ?»

«አማና ነው። አደራ። ጥቅምት ዐሥር፣ የዛሬ ሦስት ዓመት። ‹ሻዕባን› አለኝ፣ ‹ወርቅ ልሄድ ነው፣ ስድስት ወር እቆያለሁ፣ እዚያ ኔትወርክ የለም። ስልኩን ለባትሪው እፈልገዋለሁ፣ ሲሙ አንተ ጋ ይቀመጥ። ካልሠሩበት ይዘጋል፣ ቁጥሬን ለሌላ ሰው ይሰጣል። እናቴ በቃሏ የያዘው ቁጥር እሱ ብቻ ነው› አለኝ። ‹በወር አንዴ ካርድ ሙላበት፣ አንዴ ደውልበት› አለኝ። ሞላሁ። ደወልኩ። ወር ሲገባ ቅዳሜ፣ ጠረጴዛ ላይ ለሥራ የመጣ ስልክ ውስጥ አስገባና፣ ይሠራል? ይሠራል፣ አወጣለሁ።»

«ለማን ነው የምትደውለው?»

«ለማን አላለም። እኔ የስም ዝርዝር እከፍታለሁ፣ መጀመሪያ ያለው ላይ እደውላለሁ። አንዴ ሲጠራ እዘጋለሁ። የማላውቀው ሰው ለምን አስቸግራለሁ?»

«መጀመሪያ ያለው ማን ይላል?»

«አዮ ይላል። ሰውዬው ማን እንደሆነ አላውቅም።»

ሎዛ ፊቷን አዞረች። የወለጋ ልጅ ናት። «አዮ የሰው ስም አይደለም ሻዕባን» አለች። «በእኛ ቤት ‹እማዬ› ማለት ነው።»

ሻዕባን የበርታ ብሔረሰብ ልጅ ነው፤ ከአማርኛውም ከዐረብኛውም ያውቃል፣ ይህቺን ቃል ግን የሚነግረው ሰው አላገኘም። አንዴ ሎዛን አንዴ ይልቃልን አየ።

«ስድስት ወር ሲያልፍ ለፖሊስ አትነግርም ነበር?» አለ ይልቃል። ቁጣው በማን ላይ እንደሆነ ግን ራሱም ያውቀዋል።

«ወርቅ የሄደ ሰው መቼ በቀጠሮ ይመጣል? ሱዳን ገባ አልኩ። አማና ጊዜ የለውም። ሰው እስኪመጣ ነው።»

«አይመጣም። ሞቷል። ሲሙን ከሰጠህ ወር ሳይሞላው ነው የሞተው።»

ሻዕባን የክብሪት ቀፎውን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ከዚያ ሊል የፈለገውን ለማለት አማርኛው አነሰው፤ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ በራሱ ቋንቋ አንድ ሁለት ቃል ወጣው።

«እና እናቱ… እኔ ስደውል… እሱ ነው ይላል?»

*

ማታውኑ ሙርሳል ይቅርታ ተጠይቆ ተለቀቀ። ይልቃልና ሎዛ መዝገቡን መሐላቸው አድርገው ተቀመጡ። ከእንግዲህ የቀረው ቀላል ሒሳብ ነው፤ ቀላል መሆኑ ነው የሚያቃጥለው።

ገመቺስን ሰዎች ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት ጥቅምት 29 ነው። ከሀብቱ ጋር ወደ ጉድጓዱ ሲወርድ አይተውታል። ሀብቱ ኅዳር 2 ቀን ወባ ይዞት አሶሳ ሐኪም ቤት ተኛ፣ እስከ 12 አልወጣም። ያኔ ሲጠየቅ «ደህና ነው ትቼው የመጣሁት፤ ወደ ኩርሙክ ልሻገር ነው ይል ነበር» አለ። ኅዳር 7 ስልኩ ጠራ።

«ኅዳር ሰባት በሕይወት ከነበረ» አለች ሎዛ፣ «ኅዳር ሁለት አልጋ የያዘ ሰው አልገደለውም። ያን ጊዜ እንዲህ ነው የተጻፈው።»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

«ኅዳር ሰባት የደወለው ሻዕባን ከሆነ ግን…»

«ከጥቅምት 29 እስከ ኅዳር 2 ሦስት ቀን አለ። አካፋ ለያዘ ሰው አንድም ይበቃዋል።» ይልቃል መዝገቡን ዘጋ። «ላብ ያጠመቀው ወባ አልነበረም ሎዛ። በገዛ እጁ የቀበረው ሰው ‹ደህና ነኝ› ብሎ ሲደውል ሰምቶ ነው።»

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ መንጌ ነበሩ። ሀብቱ ተከራይቶት የነበረው ቤት ውስጥ ሌላ ቤተሰብ አለ። ጎረቤቶች አስታወሱት፤ ጨዋ ልጅ ነበር አሉ። ገመቺስ ጠፋ ከተባለ በኋላ አሥራ አንድ ወር እዚሁ ኖሯል። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ይወጣ ነበር፤ ከፖሊስ ጣቢያው ፊት ለፊት ሻይ ይጠጣ ነበር። አንዴ ከይልቃል ጋር ሰላም ተባብለዋል፤ ይልቃል አሁን ነው ትዝ ያለው። በ2007 ጥቅምት ላይ ዕቃውን ሸጦ በኩርሙክ በኩል ተሻገረ። ወዴት? ማንም አያውቅም። ፎቶ? የለም። ዲጂኖው? ከዕቃው ጋር ተሸጧል፤ ማን እንደገዛው እንጃ።

ደብዳቤ ተጻፈ። ወደ ድንበር ተጻፈ፣ ለበላይ አካል ተጻፈ፣ ከድንበር ወዲያም ተጻፈ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው፤ ይልቃል ሲፈርም እያንዳንዱ ደብዳቤ ላይ ይህ ተረት ይመጣበት ነበር።

*

ሁለተኛ ባምባሲ ሲሄድ ምክንያት አልቆበት ነው። ሎዛን ይዞ ሄደ፣ በወጉ መሠረትም የቤተ ክርስቲያናቸውን ሽማግሌ አስከተለ። ወይዘሮ በቀለች ሦስቱን አብረው ሲያዩ ከበሩ አላለፉም። እዚያው ደፉ ላይ ተቀመጡ።

ይልቃል ሁሉንም ነገራቸው። ጉድጓዱን፣ ሀብቱን፣ ሻዕባንን። መዝገቡን የዘጋው እሱ መሆኑንም አልደበቀም። ሽማግሌው ሊያጽናኗቸው ሲጀምሩ ወይዘሮ በቀለች በእጃቸው አስቆሟቸው። አላለቀሱም፤ ልቅሶው በኋላ፣ እነሱ ከሄዱ በኋላ እንደሚመጣ ሁሉም ያውቃል።

«ሀብቱ ይያዛል?» አሉ።

«እየፈለግነው ነው።»

«ልጄ፣ ይያዛል ወይ ነው ያልኩህ።»

ይልቃል መሬት መሬት አየ። «አላውቅም እማማ። የሚያዝ አይመስለኝም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። እውነት ስለነገራቸው ያመሰገኑት ይመስል ነበር። ቀጥሎ የጠየቁት ማንጎው ላይ የተንጠለጠለውን ስልክ እያዩ ነው።

«ቁጥሩስ?»

«ሲሙ ማስረጃ ነው። ታሽጎ ካዝና ገብቷል። ስልክ ውስጥ ማስገባት አይፈቀድም።»

«እና ካልሠሩበት?»

«ይዘጋል። በአንድ ዓመት ውስጥ ለሌላ ሰው ይሰጣል።»

«ያ የበርታው ልጅ ሦስት ዓመት ሙሉ ያላዘጋውን» አሉ ቀስ ብለው፣ «መንግሥት በአንድ ዓመት ያዘጋዋል ማለት ነው?»

ይልቃል የገዛ ስልኩን ቁጥር ነገራቸው፤ ሁለቴ አስደግመው በቃላቸው ያዙት።

«ልጁን አትሰሩት» አሉ ሲሸኟቸው። «አደራውን አልበላም። እኔ ነኝ አንድ ቀን እንኳ ያላነሳሁት። አንስቼ ‹ሃሎ› ብል ኖሮ የሌላ ሰው ድምፅ እሰማ ነበር። ደህና ነኝ ያለኝን ሰው ለምን አስለፋዋለሁ ብዬ እኮ ነው።»

*

የየካቲት የመጀመሪያ ቅዳሜ ይልቃል ቢሮ ገባ፤ የዕረፍት ቀኑ ነበር። ከድንበር የመጣ መልስ ካለ ጠየቀ፤ የለም። ካዝናውን ከፈተ፣ የታሸገውን ፖስታ አየ፣ መልሶ ዘጋው። በሰም የተዘጋ ፖስታ ፖሊስ ራሱ አይከፍተውም። ሻዕባን በዚያ ሳምንት ሁለት ጊዜ መጥቶ «አማናውን ለእናቱ ልመልስ» ብሎ ለምኖት፣ ሁለት ጊዜ አባርሮታል። ሌላ ማድረግ የሚችለው ነገር አልነበረም።

አራት ሰዓት ሆነ። ባምባሲ ማንጎው ሥር ያለችው በርጩማ ዛሬ ባዶ ትሁን አትሁን ያስብ ነበር።

ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልኩ ጠራ። ያቺው ውኃ የገባባት፣ ሻዕባን የሠራት ስልክ ናት። ቁጥሩን ያውቀዋል፤ በሠላሳ ዘጠኝ መስመር ላይ ሠላሳ ዘጠኝ ጊዜ አንብቦታል። የወይዘሮ በቀለች ነው። ሊያነሳ እጁን ሲዘረጋ ተቋረጠ።

አንዴ ነው።

ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ሁለተኛውን ጠበቀ። ሁለቴ ብትጠራ ደውልልኝ ማለት ነው፤ ቢደውል ምን እንደሚላቸው አያውቅም፣ ቢሆንም ይደውል ነበር። አምስት ደቂቃ ጠበቀ። ዐሥር ደቂቃ ጠበቀ። ሎዛ በሩን ሳታንኳኳ ገብታ እስክታየው ድረስ እንደያዘው ነበር።

«ማን ነው ጌታዬ?» አለችው።

«ማንም አይደለም» አለ። «ደህና ነኝ ይላሉ።»